የሮቢ ወንዝ ጠላቂ

ሬሳውን ያገኙት ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ እንደገባ፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር። ሮቢ ገና አልሞላም። ከሸዋ ሮቢት ከተማ በታች ሰዉ «ባሕሩ» በሚለው ጥልቅ ቦታ ላይ አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ተንሳፏል። አንደኛዋ እንስራዋን ጥላ ጮኸች። ሌላይቱ ጠጋ ብላ አየችና፣ «ያ የደሴቱ ሰውዬ ነው፤ የሙሀባ ባል» አለች።

ሙንታዝ ሷሊሕ ሲደርስ ሰዎች ሬሳውን ወደ አሸዋው ስበው በቅጠል ሸፍነውታል። ሷሊሕ የጣሊያን ፖሊስ አሥር አለቃ ነው፤ ፖሊሶቹን ዛፕትያ ይሏቸዋል። ቀይ መቀነቱን ሲያዩ ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ፤ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። እሱ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ገለጠ። ከዚያ ማንም በማያውቀው ቋንቋ አንድ ነገር አጉተመተመ። ቀጥሎ ያለው ግን ለሁሉም ገባቸው።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ሟቹ ሐሚድ ይባላል። በሸዋ ሮቢት ምድር የሷሊሕን ቋንቋ የሚናገር ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሁለቱም የተወለዱት በቀይ ባሕር ላይ ካሉት የዳህላክ ደሴቶች በአንዷ፣ በኖራ ነው። ሐሚድ መጀመሪያ ሲመጣ አገርህ የት ነው ብለው ቢጠይቁት ኖራ በማለቱ የቀወት ሰዎች፣ «ግድግዳ የሚቀባው?» ብለው ስቀውበታል። ከምፅዋ በካሚዮን ተጭኖ የመጣው ለደሴው መንገድ ድንጋይ ሊፈልጥ ነበር። ንዳድ ይዞት ሊሞት ሲል ጥለውት ሄዱ። ሙሀባ የምትባል የይፋት ልጅ አስታመመችው፤ ሲድን አገባት። ከዚያ ወዲህ የአባቱን ሥራ ያዘ። መረብ ሠርቶ ከሮቢ ዓሣ ያወጣል፤ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ለማይበሉት የመንገድ ሥራው ሰፈር ጣሊያኖች ይሸጣል። ያገሬው ሰው ዓሣ የሚባል ነገር ባፉ አያዞርም።

ሷሊሕ ገላውን ፈተሸ። የጩቤ ምልክት የለም። የገመድ ሰንበር የለም። ጥፍሩ አልተሰበረም። ከሁለቱ ጆሮዎቹና ከአፍንጫው ግን ደም ወርዶ ደርቋል። በዚህ አልተገረመም፤ በነሱ ደሴት ለዕንቁ የሚጠልቅ ሰው ጆሮው ሲደማ ነው የሚኖር። የገዛ አባቱም ጆሮ ሲደማ ሲደማ ኖሮ በስተርጅና ደንቁሯል።

የገረመው መስጠሙ ነው። ልጆች ሳሉ ሐሚድ ሲጠልቅ ጀልባ ላይ የቀሩት ፋቲሓን እየደጋገሙ ይጠብቁት ነበር። የሁሉም አፍ ደርቆ፣ አንዳንዱም ማልቀስ ሲጀምር፣ እሱ በወዲያኛው በኩል ብቅ ብሎ ይስቅባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በሮቢ ሰጠመ ቢሉት ማን ያምናል?

«ልብሱስ?» አለ ቀና ብሎ። ሐሚድ የታጠቀው የውስጥ ሱሪውን ብቻ ነው።

«እኛ አላየንም» አሉ ሴቶቹ።

መረቡ ግማሹ ተጠቅልሎ ዳር ተቀምጧል፤ ግማሹ ከታሰረበት እንጨት ጋር ውሃ ውስጥ ነው። በጠጠሩ ላይ ደግሞ ጣት ጣት የሚያህሉ የዓሣ ጫጩቶች ነጭ ሆዳቸውን ሰቅለው ተበታትነዋል። ሷሊሕ ሁለቱን አነሣና ለመመርመር ሲል ከከተማ የመጣ ሌላ ዛፕትያ ጠራው። «ማሬሻሎው ይፈልግሃል። ቶሎ!» ዓሣዎቹን እንዳባቱ ልማድ ከኪሱ የማይለየውን ጨው ነስንሶ በጨርቅ ቋጥሮ ኪሱ ከተታቸው።

*

ማሬሻሎው፣ የጣቢያው አዛዥ፣ ነገሩን ጨርሶ ነው የጠበቀው።

«ሽፍቶች ገድለውታል» አለ። «ለኛ ዓሣ ስላቀረበ። ከወንዙ በላይ ካለው መንደር ስድስት ሰው አስይዣለሁ።»

«ጌታዬ፣ ሰውየው ቁስል የለበትም።»

«አፍነው ገደሉታ!»

«ውሃ ውስጥ ሐሚድን የሚያፍን ሰው የለም።»

ማሬሻሎው ሲጋራውን ጠረጴዛው ላይ ደፈጠጠ። «ነገ ዓርብ ከአዲስ አበባ ኮሎኔል ይመጣል። መንገዱን አይቶ ሰኞ፣ በገበያው ዕለት፣ ይመለሳል። ጸጥ ያለ አውራጃ ነው ብለን ጽፈናል። እስከ ገበያ ቀን አንድ ስም አምጣልኝ፤ አንድ ሰው ይሰቀላል። ካላመጣህ ስድስቱም ይሰቀላሉ።»

ስድስቱ ሰዎች ከጣቢያው ፊት ካለው ሾላ ሥር እጃቸው ወደ ኋላ ተጠፍሮ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ሽማግሌው ጋሼ ነጅሙዲን፣ የመንደሩ ዳኛ፣ ሷሊሕ ሲያልፍ ቀና አሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «እኛ ዓሣ አንበላ፤ ዓሣ አስጋሪ ገድለን ምን እናገኛለን?»

ሷሊሕ ውሃ አጠጣቸውና ሄደ።

ሐሚድን በዚያው ምሽት ሳይጨልም ቀበሩት። ለጀናዛው የወጡት የሙሀባ ወንድሞችና አንድ ሼህ ብቻ ነበሩ። መንደሩ ቤቱን ዘግቶ ቁጭ ብሏል፤ ወንዶቹ የታሰሩት በዚህ ሰው ሰበብ አይደል? ሷሊሕ መቀነቱን ፈትቶ መቃብሩን ራሱ ቆፈረ። አፈሩ ጥቁርና ከባድ ነበር። በነሱ ደሴት መቃብር የሚቆፈረው በነጭ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውም በዛጎል ይከበባል። እዚህ ዛጎል ከየት ይመጣል? ከወንዙ ድንጋይ ለቃቅሞ ከበበው።

*

ዓርብ ጠዋት ሙሀባን ጎጆዋ በራፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሻሽዋን ወደ ዓይኗ ስባዋለች።

«ሐሙስ ምን ብሎሽ ወጣ?»

«መረቤን ላነሣ ነው አለኝ። ዓሣይቱ ዕንቁላል ይዛለች፤ ክረምቱ ገብቶ ወደ ላይ ወጥታ እስክትጥል አትነካም፤ በኛ አገር ነውር ነው አለ።»

እውነቷን ነው። በኖራ ዓሣው ሲራባ ሽማግሌዎቹ የባሕሩን ወሽመጥ ይዘጉታል። ሕግ አፍርሶ መረብ የጣለ ሰው የጀልባው ሸራ ይወርድበታል፤ ማንም ከሱ ጋር አያሰግርም። ዳግመኛ ወሽመጡ ሲከፈት የመጀመሪያው ቀን ዓሣ ባል ለሞተባቸው ቤቶች ይከፋፈላል። ሷሊሕ ይህን ሲያስብ የሚቀጥለው ጥያቄ ጠፋበት።

«ዓሣ እንደማያመጣ ለመንገድ ሥራው ሰፈር ሰዎች ነግሯቸው ነበር?» አለ በኋላ።

«ረቡዕ ነግሯቸው መጣ። ምን አሉህ ብለው፣ ሳቁ አለኝ።»

«ጠላትስ ነበረው?»

ሙሀባ ፊቷን አዞረች። «ቃሲም። እሱም ለጣሊያኖቹ ሊሸጥ በላይኛው ወንዝ የብርብራ ፍሬ እየወቀጠ ይጨምራል። ውሃው ሲሰክር ዓሣው ሁሉ ትልቅ ትንሽ ሳይል ይንሳፈፋል። ሐሚድ ጫጩቱን ለምን ትፈጃለህ ብሎ አንድ ጊዜ ተናንቀዋል። ባለፈው ሰሞን ‹አንተን ነው ብርብራ የማጠጣህ› ብሎታል፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሷሊሕ ወዲያው የተበታተኑት ጫጩቶች ትዝ አሉት።

«አሁን የት ነው?»

«ጠፍቷል። ከረቡዕ ወዲህ ያየው የለም።»

ሊነሣ ሲል ያዘችው። «ትንሽ ቁጭ በል፤ ያንን ቋንቋችሁን ተናገርልኝ።»

«ምን ልበል?»

«የፈለግኸውን። አይገባኝም፤ ድምፁን ነው።» ከዚያ እሱ ሳይናገር እሷው ቀጠለች። «ባሕር አይቼ አላውቅም። ግን ያችን ደሴት ዓይኔን ጨፍኜ እሄድባታለሁ። ከጀልባው ስወርድ ጉድጓዱ በግራ በኩል ነው፤ ውሃው ጨው ጨው ይላል። ከሱ ቀጥሎ አሮጊቷ ዓሣ የምትቀድድበት ድንጋይ አለ። ንፋስ ከደቡብ ሲመጣ ማንም አይወጣም፤ ሴቶቹ መረብ ይጠግናሉ። እንዲህ ነው አይደል?»

«እንዲህ ነው።»

«ሷሊሕ፣ ያላዩት አገር ይናፍቃል እንዴ?»

እሱ ግን ያየውም ያንገበግበው ነበርና በደሴቱ ቋንቋ የአየሩን ነገር፣ የንፋሱን ነገር ጥቂት ተናገረላት። ትርጉሙን አልጠየቀችውም።

*

ሷሊሕ፣ ቃሲም ማጀቴ ከተማ ነው ያለው የሚል ወሬ ሰምቶ በበቅሎ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ደረሰና ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጦ አገኘው። ቀይ መቀነት ሲያይ ቃሲም ሊሮጥ ብድግ አለ፤ መውጫው ግን በለቅሶተኛ ተዘግቷል።

«ለምን ትሸሻለህ?» አለ ሷሊሕ።

«ዛፕትያ ሲመጣ የማይሸሽ ማን አለ ጌታው?»

«ሐሚድ ሞቷል።»

ቃሲም አፉን ከፍቶ ቀረ። «ማን ገደለው?»

«አንተን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ብርብራ አጠጣሃለሁ ብለኸዋል።»

«ወላሂ ብዬዋለሁ! የንዴት ነው። አክስቴ ረቡዕ አርፋ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ለቅሶ አልተለየሁም። ሼሁን ይጠይቋቸው። ሐሙስ ጠዋት መቃብር ስቆፍር እሳቸው ራሳቸው አጠገቤ ነበሩ።»

ሼሁ ተጠሩ፤ መሰከሩ። ለቅሶተኛው ሁሉ መሰከረ። ሷሊሕ ግን ባንዴ አልተፋታውም። ከመሄድህ በፊት ብርብራውን ጥለህ ቢሆንስ አለው። ከኪሱ ጨርቁን ፈትቶ ጨው ያደረቃቸውን ጫጩቶች አወጣ።

«እነዚህን ከባሕሩ ዳር ነው ያነሣኋቸው። ብርብራህን ከሆዳቸው ካገኘሁት ሼሁም አያድኑህ።»

በሰንጢው አንደኛውን ሰነጠቀ። ሰንጢው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የጀርባውን አጥንት ተከትሎ ነበር፤ አጥንቱ ግን መሐል ላይ ተቋርጧል። ሁለተኛውን ሰነጠቀ። እሱም እንዲያው። ቆዳቸው ላይ አንዳች ጭረት የለም፤ ውስጣቸው ግን የረጋ ደም ብቻ ነው።

ቃሲም ፍርሃቱን ረስቶ ጎንበስ አለ። «በብርብራ የሞተ ዓሣ አጥንቱ ደኅና ነው» አለ። «ይህን መብረቅ ነው የመታው።»

«ሐሙስ ዝናብ ነበረ?»

«እዚህ ጠብታ አልነበረም። እዚያ እንጃ።»

ሷሊሕ በቅሎውን ወደ ሸዋ ሮቢት መለሰ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር እየከነከነው ሄደ። ከማሽላው መሐል የሚነፍሰው ሞቃት ንፋስ፣ የሩቁ የአዋሽ ሜዳ፣ ምንም አልታየውም። በልጅነቱ፣ ከአባቱ ጋር፣ እንደዚህ ያለ ዓሣ አንድ ጊዜ አይቷል። የት ነበር?

*

አመሻሹ ላይ ሾላው ሥር ወረደና ከጋሼ ነጅሙዲን አጠገብ ቁጢጥ አለ። ሽማግሌው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ጠዋት ነጎድጓድ ሰምተዋል?»

«ሰማዩ እንደ መስተዋት ነበር።»

«ምንም አልነጎደም?»

«ድማሚቱ ካልሆነ። እሱን እንደሆነ በየቀኑ ነው የምንሰማው። ድንጋዩን ሲያፈርሱ ከብቱም ለምዶታል፤ ቀና አይልም።» ነጅሙዲን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቆይ እስቲ… ሐሙስ ዕለት ከብቱ ደንብሯል። ድማሚቱ አንዴ ብቻ ነው የጮኸው። ድንጋይ የሚያፈርሱበት ገደል ያለው ከላይ ነው፤ ከብቱ ግን ወደ ላይ ነው የሸሸ። ድምፁ ከታች ነው የመጣው ማለት ነው፤ ከወንዙ።»

ሷሊሕ ብድግ አለ።

በጥድፊያ ወደ ወንዙ ወረደ። ረጅም ቀርከሃ ቆርጦ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ባሕሩ መሐል ድረስ ዋኘና ቀርከሃውን ወደ ታች ሰደደው። መሬት ነካ። ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት አይበልጥም። የጠላቂ ጆሮ በዚህ ጥልቀት አይደማም። የሐሚድን ደም ገና ሲያየው የባሕር ደም መስሎት፣ አገሩ ናፍቆት፣ በአገሩ ዓይን አይቶ አለፈው እንጂ እዚህ ቦታ ምን ሊያደማው ይችላል?

ያን ጊዜ ትዝ አለው። የጣሊያን ወታደሮች በጀልባ መጥተው ኖራ ወሽመጥ ውስጥ ቦምብ ጣሉ። ዓሣው ሁሉ ባንድ ጊዜ ነጣ። ወታደሮቹ ትልልቁን ለቅመው ሄዱ፤ የቀረውን ማዕበሉ ዳር ላይ ከመረው። አባቱ አንዱን ሰንጥቀው የተቋረጠውን አጥንት አሳዩትና፣ «አላህም እንዲህ ያለ መረብ አልሠራም» አሉት። ከዚያ ወዲያ ዓሣ ወደዚያ ወሽመጥ ለብዙ ጊዜ አልመጣም፤ ሰዎች ጀልባቸውን ትተው ወደ ምፅዋ የቀን ሥራ ፍለጋ ተሰደዱ። ሷሊሕም በዚሁ ሳቢያ ነው የጣሊያን ልብስ የለበሰው።

*

የመንገድ ሥራው ሰፈር ወጥ ቤት ከዋናው ግንብ ጀርባ ነው። የምታበስለው እትዬ አሰገደች የምትባል የከተማ ሴት ናት። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራፉ ላይ ጠበቃት።

«ዓርብ ለኮሎኔሉ ምን አበሰሉ?»

«ዓሣ ነዋ። ውርደቴን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ምን ሆኑ?»

«አጥንቱ ሁሉ እንክትክቱ የወጣ ዓሣ አምጥተውልኝ! ስለቅም አረፈድኩ፤ ያም ሆኖ ኮሎኔሉ ጉሮሮው ላይ አጥንት ቀረበትና ሳህኑን ወረወረብኝ።»

«ሐሚድ ያመጣው ነው?»

«ነፍሱን ይማረውና የሱ ዓሣ እንዲህ ነው? እሱማ አላመጣም ብሎ ነበር። ካፖው ነው ያመጣው።»

ካፖ የሚሉት የድንጋይ ፈላጮቹን አለቃ ነው፤ የድማሚቱ መጋዘን ቁልፍ በሱ አንገት ላይ ነው የሚውለው።

«ሐሙስ ዕለት ገደሉ ላይ ድማሚት ተኩሰዋል?»

«ምን ይተኩሳሉ! ኮሎኔሉ ሊመጣ ነው ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ መንገድ ሲጠርግ ዋለ።»

«ዓሣውን በምን አመጣው?»

አሰገደች ዘወር ብላ በአገጯ አሳየችው። አጥሩ ላይ የታጠበ ሽርጥ ተሰጥቷል። «በዚያ ጨርቅ ቋጥሮ። አውጥተሽ ጣይው አለኝ፤ ደኅና ጨርቅ ለምን ይጣላል ብዬ አጠብኩት።»

ሰማያዊ የምፅዋ ሽርጥ ነው። ጫፉ ተተርትሮ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

አሰገደች የሷሊሕን ፊት አየችና እጇን ወደ አፏ ሰደደች። «የማን ነው? ሙንታዝ፣ የማን ልብስ ነው ያጠብኩት?»

ሷሊሕ ሽርጡን አጣጥፎ ለሙሀባ ወሰደላት። ምንም አልጠየቃትም። አየችው፤ ቀዩን ክር በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ሽርጡን ፊቷ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። የሰፋችው እሷ ናት።

*

ካፖውን ከመጋዘኑ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጢሙን ሲላጭ አገኘው። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሷሊሕ ሽርጡን ዘረጋለት።

ካፖው ከምላጩ ቀና ሳይል አየው። «ወጥ ሠሪዋን ጣይው ብያት ነበር።»

«ሐሙስ ወንዙ ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ። ያ ሰውዬህ ዓሣው አርግዟል ብሎ ኮሎኔል ሊያስጾምብኝ! ለመንኩት፣ አይሆንም አለ። ራሴ ወንዝ ወረድኩ። ይህ ጨርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።»

«ውሃ ውስጥ እንዳለ አውቀሃላ።»

«ጠበቅሁታ!» አለ ካፖው፣ አሁን ምላጩን አውርዶ። «ሲጋራዬን ጨርሼ ጠበቅሁ። የሚወጣ የለም። ሰው ይህን ያህል ሳይተነፍስ ይቆያል? ልብሱን ረስቶ ሄዷል አልኩ። ድማሚቱን ወረወርኩት።»

«ሲንሳፈፍ አየኸው?»

ካፖው አረፋውን ከጉንጩ ጠረገ። «ዓሣው ጋር አብሮ ወጣ። ምን ላድርግ? ሞቷል። ጨርቁን ያነሣሁት ዓሣ መያዣ ስላልነበረኝ ነው።» ፈገግ አለ። «ደግሞስ ለማን ልትናገር ነው፣ ሙንታዝ? አንተ በኔ ላይ?»

እውነቱን ይናገር ይዋሽ ሷሊሕ ሊለየው አልቻለም። እውነት ከሆነ ሐሚድን የገደለው ያ ሰው ሁሉ ያደነቀለት ትንፋሹ ነው። ከታች ሆኖ መረቡን ከእንጨቱ እየፈታ፣ ላይ ሞቱ ሲጋራ እያጨሰ ይጠብቀው ነበር።

*

ማሬሻሎው እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ይህ ቃል ሁለተኛ ከአፍህ አይውጣ። ጥቁር በነጭ ላይ አይመሰክርም። ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። ነገ ገበያ ነው። ስም አምጣ።»

ሷሊሕ ወደዚህ ክፍል እስኪገባ የነበረበት ሐዘን ብቻ ነበር፤ አሁን ሌላ ነገር መጣበት፤ ቀዝቃዛ ነገር። ሰዎቹን ለብዙ ዘመን አገልግሏቸዋል። ምን እንደሚያስደነግጣቸው ያውቃል።

«እሺ ጌታዬ» አለ። «የሰውየውን ሞት ተውኩት። ድማሚቱንስ ምን ላድርገው?»

«የቱን ድማሚት?»

«ሐሙስ ሥራ አልነበረም። ከመጋዘኑ ግን ድማሚት ወጥቷል። አንድ ይሁን አሥር ማን ያውቃል? ሽፍቶቹ ያሉት ከዚህ ተራራ ላይ ነው። ካፖው ለዓሣ ብሎ የሚያወጣው ድማሚት በማን እጅ እንደሚገባ ኮሎኔሉ ቢጠይቁ…»

የማሬሻሎው ፊት ተለወጠ። ኮፍያውን አነሣ። መጋዘኑ በዚያው ሰዓት ተከፈተ፤ ተቆጠረ፤ ጎደለ። ካፖው ከአንድ ጊዜ በላይ ዓሣ አሰግሮበት ኖሯል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትጥቁን አስፈትተው፣ እጁን በሰንሰለት አስረው፣ በኮሎኔሉ ካሚዮን ጀርባ ጫኑት። የተከሰሰው የመንግሥት ፈንጂ በመስረቅ ነው። ሐሚድ ስሙም አልተነሣ። በመዝገቡ ላይ «ዓሣ አስጋሪው በጎርፍ ሞተ» ተብሎ ተጻፈ፤ በዚያ ቀን ሮቢ ጎርፍ አልነበረበትም።

ስድስቱ ሰዎች ተፈቱ።

*

ሰኞ ገበያው ሳይሞቅ ጋሼ ነጅሙዲን የመንደሩን ሰው ሰብስበው ወደ ሙሀባ ቤት መጡ። ያልወጡለትን ጀናዛ በሰደቃ ሊክሱ፣ ወጠጤ ጎትተው፣ ቁርአን የሚቀሩ ደረሶች ይዘው ነው። ሙሀባ በራፉ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ መጀመሪያ መንገድ ልትከለክላቸው የፈለገች መሰለች፤ ከዚያ ወደ ጎን አለችላቸው።

ሷሊሕን ግን ከጓሮ በኩል ጠራችው።

«ለሐሚድ ደም ምን ተፈረደ?»

«ምንም።»

«ሰውየውን አስረውታል አይደል?»

«ለድማሚቱ ነው።»

ሙሀባ አልተቆጣችም፤ ቁጣው ይሻለው ነበር። «እሱ ያንተን ልብስ አይወደውም ነበር» አለች። «አንተን ግን ይወድህ ነበር። ‹ሷሊሕ ከኔ የባሰ ነው አገሩ የሚናፍቀው፤ እኔ ለሚስቴ አወራለሁ፣ እሱ ለማን ያወራል?› ይለኝ ነበር።»

ሷሊሕ ዞር ብሎ መቀነቱን ፈታ፤ ቀዩን ጨርቅ እዚያው አመድ ላይ ጣለው። ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ነጅሙዲን ሄደ።

«ጋሼ፣ እኔ ወደ ጣቢያው አልመለስም።»

ሽማግሌው አልደነገጡም። «አገርህ በየት ነው? በአዋሽ በኩል የአፋር ዘመድ አለኝ። ግመል ነጂ ነው፤ እስከ ባሕሩ ያደርስሃል። ለአገርህ አላህ ያብቃህ።»

ሷሊሕ ወደ ምሥራቅ አየ። ከማሽላው ወዲያ፣ ከግራሩ ወዲያ፣ ሜዳው እየነጣ እየነጣ ሄዶ ከሰማዩ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ማዶ ባሕር አለ። ሄዶ ቢደርስ አባቱ ሞተዋል፤ ወሽመጡ ባዶ ነው፤ ከደሴቶቹ በአንዷ ጣሊያን የይፋትንና የመንዝን ሰዎች በሰንሰለት አስሮ ድንጋይ ያስፈልጣል።

«አገሬም ላይ እነሱ ናቸው፣ ጋሼ» አለ።

ነጅሙዲን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያው ልጄ አብዱሰላም ከአርበኞቹ ጋር እላይ ነው» አሉና ጣታቸውን ሳያነሡ በዓይናቸው ብቻ የጣርማበርን ገደል አሳዩት። «ብርድ ነው። ትችላለህ?»

«እለምደዋለሁ።»

የሙሀባ ታናሽ ወንድም መንገዱን ሊያሳየው ተነሣ። ሙሀባ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራ በእጁ አስያዘችው፤ ደኅና ሁን አላለችም፣ እሱም አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ገደሉ ወገብ ላይ ደርሰው አረፉ። ሷሊሕ እንደዚህ ያለ ብርድ ነክቶት አያውቅም፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ዞር ብሎ ወደ ታች ሲያይ የይፋት ቆላ የለም። ሌሊት ዘንቦ ጉሙ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ነጭ ሆኖ፣ በዝግታ እየተነፈሰ። ኮረብታዎቹ ብቻ ጫፍ ጫፋቸውን አውጥተው ቆመዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌሎቹ ትንንሽ፣ በመሐላቸውም ጀልባ የሚያሳልፍ የሚመስል ክፍተት።

«ምን ታያለህ?» አለው የሙሀባ ወንድም።

«ያገሬን ደሴቶች» አለ ሷሊሕ። ጉሙ በፀሐይ እስኪሳሳና ከሥሩ የማሽላው እርሻ፣ መንገዱና ሮቢ ወንዝ እስኪገለጡ ድረስ ቆሞ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን አስተካክሎ አነገተና ወደ ላይ መንገዱን ቀጠለ።